ሁለት ወንበር ያላት መኪና

ልጄ አዲስ መኪና ይዞ ወልድያ መጣ። ሰባት ሰው ትይዛለች፤ ሞተሯ መነሣቱ እንኳ አይሰማም። ማደያ ቆመን የቤንዚኑ ሽታ ሲገባ፣ የልጅ ልጄ፣ "እማማ፣ የአባትሽ መኪና ስንት ሰው ትይዝ ነበር?" አለችኝ።

የአባቴ መኪና ቀይ፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ የስፖርት መኪና ነበረች፤ ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ ጣሊያን የገዛት። ሁለት ወንበር ብቻ ነበራት። ጦርነት ያኔ የምንኖርባትን መርሳን ሲቃረብ ወታደር እንዳይወስድበት አባቴ የጤፍ ጭድ ከመረባት።

አንድ ጠዋት የጎረቤታችን የሰይድ ሚስት ዘሀራ ምጥ ጠናባት። አባቴ መንሹን አንሥቶ ጭዱን ይገፋ ጀመር።

"ያዩብሃል እኮ" አልሁት።

"መኪና ለጭድ አልተሠራችም" አለኝ።

ዘሀራን ደግፈን አስገባናት።

"እኔስ የት ልቀመጥ፣ ጋሼ?" አለ ሰይድ።

"አንተ ዱዓው ላይ ተቀመጥ!" አለና አስነሣት። የሞተሯ ጩኸት መንደሩን በሙሉ ደጅ አወጣው።

በማግስቱ አባቴ ከወልድያ ሲሪንቃን አቋርጦ በእግሩ መጣ። ዘሀራን ወልድያ ሐኪም ቤት ካደረሰ በኋላ ወታደሮች መኪናዋን ከበሩ ላይ ወስደውበታል። ሰይድ ሊያጽናናው አፉን ሲከፍት፣ አባቴ ቀደመው።

"ወንድ ልጅ አለህ። ሁለት ወንበር ያላት መኪና ሦስት ሰው አድርሳለች።"

መኪናዋን ከዚያ ወዲህ አላየናትም።

"እማማ፣ ስንት?" አለች ልጅቱ ደግማ።

"ሦስት" አልኋት።

ሁለት ወንበር እንደነበራት የሚያውቀው ልጄ በመስታወቱ አየኝ። አላረምሁም።