መርፌ አይንካችሁ ያለችው ጠሂራ

ጠሂራ ከስልጤ ወደ መርካቶ ስትመጣ ከአባቷ የወረሰችው አንድ ነገር ነበር፤ የወፍ በሽታ መድኃኒት። ጭድ ተራ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍሏ የመድኃኒቱን ሥር ቀጥቅጣ፣ በማር በጥብጣ፣ ቢስሚላህ ብላ ታጠጣለች። ዋጋ አትጠይቅም። "ሽፋው፣ ፈውሱ፣ ከአላህ ነው፤ እኔ ማን ነኝ?" ትላለች። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይመጣል፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነ የመርካቶ ተሸካሚ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። ለሁሉም አባቷ የነገራትን ትነግራለች፤ "የወፍ በሽታ የያዘውን ሰው መርፌ አይንካው፤ ይገድለዋል።"

እንዲህ ስትል ኖራ የእህቷን ልጅ ሱንዱስንም መርፌ ከልክላ በዚሁ በሽታ ቀበረች። ከዚያ ወዲህ በሽታው ጠንቶ ሆዱ የተነፋ ሰው ስታይ መድኃኒቱን አትሰጥም። "ሐኪም ይየው" ትላለች። የሚሰማት ግን የለም።

ባለፈው ክረምት አስናቀው የሚባል ጭነት አውራጅ ሚስቱን ሙሉነሽን ተደግፎ መጣ። ሆዱ ከበሮ አክሏል።

"ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው" አለች ጠሂራ። "አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው።"

"መርፌ ሊወጉት? እትዬ፣ ወንድሜን 'መርፌ አይንካህ' ብለው ያዳኑት እርስዎ አይደሉ እንዴ?"

"ተሳስቼ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ።"

"ጨክነውብን ነው እንጂ እጅዎማ ያድናል!" ሙሉነሽ እግሯ ላይ ወደቀች።

ጠሂራ መድኃኒቱን ከለከለች። ባልና ሚስቱ ደጃፏ ላይ ሁለት ቀን ተቀምጠው ለመኗት። በሦስተኛው ቀን አስናቀው ሰው መለየት ሲያቅተው ጎረቤት ጠርታ፣ ላዳ አስቁማ፣ ሆስፒታል አደረሰችው። ሐኪሙ ዓይኑን ገልጦ አየና "ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጡት" አለ። ክንዱን በመርፌ ወግተው ግሉኮስ ተከሉለት። ከሰዓት በኋላ አረፈ።

ለቅሶ ልትደርስ ስትሄድ ሙሉነሽ ከድንኳኑ ውስጥ አየቻት።

"መርፌ አስወግታ ገደለችብኝ!"

ጠሂራ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። ሴትየዋን ያስተማረቻት እሷው ናት።

ወሬው ሶማሌ ተራ ድረስ ተዛመተ፤ የጠሂራን መድኃኒት ያጣውን ሰው መርፌ ጨረሰው ተባለ። በሽተኛው ከበፊቱ በዛ። "ሐኪም ይየው" ስትል እርስ በርስ ይተያዩና እዚያው ይቀመጣሉ።

ትናንት ጠዋት ደግሞ አንድ አባት ዓይኗ ቢጫ የሆነ ልጁን አቅፎ ገባ።

"የፈለጉትን ያድርጉ እትዬ፤ ብቻ መርፌ አይሁን።"

ጠሂራ ሕፃኗን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስተኛቻት። የተነፋ ሆዷን ዳሰሰችና "ሐኪም ይያት" ልትል ቀና ብላ አባትየውን አየችው። እሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል።