የቅምሻው ቀን ሽቶ

በለጠች ቡና መልቀም ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ጠዋት ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ትመጣለች፣ የቡናው መጋዘን ውስጥ ከለቃሚ ሴቶቹ መሃል ትቀመጣለች፣ ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ እያወጣች ጥሩውን ታሳልፋለች። «ከእጄ መጥፎ ፍሬ አምልጦ አያውቅም» ትላለች፤ ትንሽ ብታጋንንም ውሸት አይደለም።

ዱኒያን ያስተማረቻት እሷ ናት። ልጅቱ ከሁለት ዓመት በፊት ከድሬ በላይ ካሉት ተራሮች ወርዳ መጋዘኑ ስትቀጠር፣ አንዲት ሰፌድ አጥርታ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅባት ነበር። በለጠች አጠገቧ አስቀምጣ፣ እጇን ይዛ አስለመደቻት። ዱኒያም ውለታ አትረሳም፤ ለዓመት በዓል ከቀፊራ ገበያ በትንሽ ጠርሙስ የጽጌረዳ ዘይት ሽቶ ገዝታ ሰጠቻት። በለጠች እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብ ታደርጋለች፤ ጠርሙሱም ከቦርሳዋ ተለይቶ አያውቅም።

ከዚያ ፈንዱ መጣ። ባሕር ማዶ ያሉ ቡና ገዢዎች አዋጥተው ያቋቋሙት ነው፤ ለገበሬው ባለሙያ ይልካል፣ ልጆቹን ያስተምራል። መልካም ነገር ነው፤ በለጠችም መልካምነቱን በእጇ ዳስሳ ታውቀዋለች። የዱኒያ አባት ቡናውን መሬት ላይ ማስጣት ትቶ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ማድረቅ ከተማረ ወዲህ፣ ከእሱ ማሳ የሚመጣው ጆንያ አፈር አፈር መሽተቱን ትቷል። ዘንድሮ ግን ፈንዱ አንድ ሰው ለቡና ቀማሽነት አሠለጥናለሁ ሲል፣ ዕድሉ ለአምራች ቤተሰብ ብቻ ነው ተባለ። ዱኒያ የአምራች ልጅ ናት። በለጠች የማን ናት? የጆንያ።

ቀማሽ ማለት ነጭ ጋዋን ለብሶ የቡናውን ደረጃ በምላሱ የሚወስን ሰው ነው። በለጠች የቀማሾቹን ክፍል ዕድሜዋን ሙሉ በመስኮት ስታየው ኖራለች። አሁን ከኋላ የመጣ ዓይን አወጣ። መሸፋፈን ምን ያደርጋል፣ ቀናች፤ ያውም እንቅልፍ እስክታጣ ቀናች። ዱኒያ ስትስቅ የሳቀችባት ይመስላታል፣ ዝም ስትል የኮራችባት ይመስላታል። ሁለት ወር ሙሉ አብረው ምሳ ሲበሉ ቶሎ ቶሎ በልታ ትነሳ ነበር።

የፈተናው ጠዋት ዱኒያ ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥባ መጣች። ቅምሻ ክፍል ሽንኩርት በልቶ፣ ጫት ቅሞ ወይም ሽቶ ተቀብቶ መግባት ክልክል ነው፤ የቀማሽ መሣሪያው አፍንጫው ነውና። ሻርፗን ሚስማር ላይ ሰቅላ ፊቷን ልትለቃለቅ ወጣ አለች። በለጠች ግራ ቀኝ አየች። ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ጣቶቿ ላይ ጠብ አደረገችና የሻርፑን ጫፍ አሸት አሸት አደረገችው። ጠርሙሱን መልሳ ከትታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ዱኒያ ተመልሳ ሻርፗን ጠምጥማ ወደ ቅምሻው ክፍል ልትገባ ስትል፣ የፈንዱ ባለሙያ ሂሻም በሩ ላይ አስቆማት።

«ይሄ ሽቶ ነው አቦ። ሕጉን አታውቂም እንዴ?»

ዱኒያ የሻርፑን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። የገዛ ስጦታውን ሽታ ማን ይስታል? በለጠችን አንድ ጊዜ ብቻ አየቻት።

«ባጃጅ ውስጥ ይሆናል» አለች። «አጠገቤ የተሳፈረችው ሴትዮ ሽቶ ነበራት።»

ሻርፑን ጣለችው። አንገቷን ታጥባ፣ ከአንዷ ለቃሚ ንጹሕ ሻሽ ተውሳ ስትመለስ ሂሻም አሳለፋት። ከዚያ ዘወር አለና፣ «እትዬ በለጠች፣ አንቺም ነይ» አለ።

«እኔ ደግሞ ምን ልሠራ?»

«አልነገረችሽም? ሁለት ወር ሙሉ ስትነዘንዘን ነበር ወላሂ። ‹ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ሁለታችንንም ፈትኑን› ትላለች። ፈንዱ ዛሬ ጠዋት ፈቀደ። ቦታው ሁለት ሆኗል፤ ካለፍሽ ሥልጠናው ያንቺም ነው።»

«ሳይፈቀድ ተስፋ ልሰጥሽ ፈርቼ ነው» አለች ዱኒያ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

በለጠች የምትገባበት ጠፋት፤ ግን ገባች። ሦስት ስኒ ቀረበላት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቡና ናቸው፣ አንዱ ይለያል፤ የተለየውን ማውጣት ነው። ለእሷ የሕፃን ጨዋታ ነበር። ማንኪያውን አንስታ ጎንበስ አለች። ጽጌረዳ ሸተታት። ሁለተኛውም ጽጌረዳ፣ ሦስተኛውም ጽጌረዳ። ከስኒው አይደለም፣ ከጣቶቿ ነው። አንዱን በግምት መጠቆም ትችል ነበር፤ ማንም አያውቅባትም። ነገር ግን ያላወቀችውን ፍሬ ደህና ነው ብላ አሳልፋ አታውቅም። ማንኪያውን አስቀመጠች።

«አልችልም። እጄ ሽቶ አለበት።»

ሂሻም ሳቀ። «አንቺም ከዚያችው ሴትዮ ጋር ነው የተሳፈርሽው?»

«አይ» አለች። ጠርሙሱን አውጥታ በመዳፏ አሳየችው። «የሻርፑም ከዚህ ነው። እኔ ነኝ።»

ሂሻም ሳቁን ዋጠ። ዱኒያ ከስኒዋ ቀና አላለችም።

በለጠች ወጥታ ቧንቧው ሥር እጇን በሳሙና ታጠበች። ደግማ ታጠበች። ሎሚ ለምና በሎሚ ፈተገችው። አሸተተችው፤ አሁንም አለ። ዱኒያ ሽቶውን ስትገዛላት ርካሹን አልመረጠችም ነበር።