ከልጄ አንገት የፈታሁት ማተብ

እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ደህንነት የሚባለውን ነገር የማውቀው ከኑሮ ነው። አዳማ ስንገባ ደህንነት ማለት የግቢያችን በር ጠንካራ መቀርቀሪያ ነበር። ባለቤቴ ጭነት ይዞ ሻሸመኔ ሲወርድ ደግሞ «ደርሻለሁ» የሚል ስልኩ ነበር። የልጄ ደህንነት ግን ክርስትና ስትነሳ አንገቷ ላይ ያሰርንላት ማተብ ነበር።

ልጄ ከቴክኒክ ኮሌጅ ተመርቃ በሞጆ መውጫ አንድ ቶርኖ ቤት ተቀጠረች። ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው፤ የከባድ መኪና ዕቃ ይሠራበታል። የሙከራ ጊዜዋን ሳትጨርስ አንድ ቀን አኩርፋ ገባች።

«እማ፣ አለቃችን አንገትሽ ላይ ክር አድርገሽ ማሽን አትነኪም፣ ወይ አውልቂ ወይ ሥራውን ተይ አለኝ።»

«ሥራው ይቅራ! ያለ ማተብ የምትውል ልጅ የለችኝም።»

«ስገባ ላውልቀው፣ ስወጣ ላስረው።»

«ማተብ ጫማ ነው እንዴ?»

አለቃዋ የፈራው ክሩ ተበጥሶ ማሽኑ ውስጥ እንዳይገባ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ጥቁር ክር ገዛሁ፣ ሦስት አድርጌ ገመድኩት፣ በሰም አሸሁት፣ በሁለት እጄ ስቤም ሞከርኩት። ንቅንቅ አላለም። ስሰጣት ክሩን በጣቶቿ አሻሸችው። ከዚያ «ነገ አብረሽኝ ነይ» አለችኝ።

ቶርኖ ቤቱ ስንደርስ ወለሉ ላይ ከተቀባው ቢጫ መስመር ኋላ አቆመችኝ። ማሽኑ ቆሞ ሳለ እኔ የገመድኩትን ክር አንዱን ጫፍ ማሽኑ በሚያሽከረክረው ብረት ላይ ጠመጠመችው፣ ሌላውን ጫፍ መሬት ላይ ከተኛ ዱላ ጋር አሰረችው። ራቅ ብላ ማሽኑን አስነሳችው። ዱላው ከመሬት ተነጥቆ ብረቱ ላይ ተላተመና ተሰነጠቀ። ወዲያው አጠፋችው።

ክሬ አልተበጠሰም ነበር።

«አየሽ እማ? ያንቺ ክር ጠንካራ ነው። አንገቴ ግን ዱላውን አያክልም።»

በዚህ መሃል አንድ ሸምገል ያሉ ሹፌር አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመው፣ የሚሠራላቸውን ዕቃ ይዘው በቀጥታ ወደ ማሽኑ መጡ።

«አባባ፣ ከመስመሩ ወዲያ ይቁሙ!» አለቻቸው ልጄ።

«ኧረ ጉድ! ደግሞ እዚህም ትራፊክ አለ?»

«አለ። ሻርፑንም ይፍቱት፣ ካልሆነ ዕቃዎን አልጀምርም።»

ሰውየው አለቃዋን በዓይናቸው ፈለጉ። አለቃዋ ከጥግ ሆኖ ሳቀና «እሷ ካለች አለች ነው» አላቸው። ሻርፓቸውን እየፈቱ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ይቺ ቆፍጣና የማን ልጅ ናት?»

«የእኔ ናት!» አልኩ። ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ዞር አሉ።

ከዚያ መስመሩን ተሻግሬ ሄድኩ። ልጄ ነገሩ ገብቷት አንገቷን ዝቅ አደረገችልኝ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያልተለያትን ማተብ በገዛ እጄ ፈታሁት፣ ተሳለምኩት፣ በመሐረቤ ቋጥሬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

«ስትወጪ እኔው አስርልሻለሁ።»

የቱታዋን አንገት ቆለፈች፣ መነጽሯን አጠለቀች። እኔ ግን ዓይኔን ከእሷ መንቀል አቅቶኝ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

«እማ፣ አንቺም ነጠላሽን ሰብስቢና ከመስመሩ ኋላ» አለችኝ።

ነጠላዬን ሰብስቤ ሄጄ ከሹፌሩ ጎን ቆምኩ።