እንግዳ በሃያ ደቂቃ

አንድ ተራ ቀን በምግብ ፎቶዎቿ የታወቀችውን ሴትዮ ሁለት ሰዓት መኳኳል፣ አንድ ትሪ ሙሉ ምግብና እስከ ማታ የማይታጠፍ ፈገግታ ያስወጣታል። ምግቡ አይበላም፤ ፎቶ ይነሳና ይደፋል።

ዛሬ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ተቀምጣ «እንግዳ በሃያ ደቂቃ» የተባለውን የምግብ አሠራር መጽሐፏን እየፈረመች ትሸጣለች። ነጭ ሸሚዟ የዘይት ጠብታ አያውቅም፤ ከድስት ጋር ተኳርፋ የምትኖር ትመስላለች። የመጽሐፉ ሽፋን ላይም ያው ሸሚዝና ያው ፈገግታ ከስድስት ሰሃን ጀርባ ተገትረዋል።

ልጅ ያዘለች ገዢ አንዱን ገጽ ገልጣ፣ «እዚህ ጋ ‹የተከተፈ ሽንኩርት› ይላል። ማን ከተፈው?» ስትል ጠየቀቻት።

«እሱማ ቀደም ብሎ የሚዘጋጅ ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

«እኔ ቤት ቀደም ብሎ የሚደርሰው እንግዳው ነው። ለመሆኑ እነዚህ ስድስት ሰሃኖች የእነማን ናቸው? እርስዎ ጋ ሰው ይበዛል?»

«ፎቶ አንሺው ይመጣል» አለች ሴትዮዋ። ፈገግታዋ ያኔ ታጠፈ።

ገዢዋ ሌላ ተረብ አዘጋጅታ ነበር፤ ዋጠችው። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ፣ ለሌሎቹ ከጻፈችው ረዘም አድርጋ ጻፈችና መጽሐፉን ሰጠቻት። ከፊርማዋ በላይ እንዲህ ይላል፦ «እንግዳ የጠራሽ ቀን እኔንም ጥሪኝ። ሽንኩርቱን እኔ እከትፋለሁ።»