መርካቶን በስልክ ተሸክሜ ወደ አራተኛ ፎቅ

ይህ ጉዞ ባሕር አልተሻገረም፤ ፓስፖርትም አልጠየቀም። ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተነስቶ መርካቶ ደርሶ የተመለሰ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ግን ጉዞ ብዬ በመጻፌ አይስቅብኝም። በሌላ በሌላው ይሳቅብኝ፤ ምክንያቱ ሞልቷል።

ጡረታ የወጣሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዓይኔ የመርፌ ቀዳዳ ማየት ከተወ ቆየ። ልጃችን ይህን እያወቀች ካሜራው አንደኛ ነው የተባለለትን ስልክ ገዝታ ሰጠችኝ። ለመላጣ ማበጠሪያ እንደ መሸለም ነው። እኔ ግን ኮርቼ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነሳ ከረምኩ፤ የሰፈራችንን ድመት፣ የውሃ ታንከሩን፣ ደግሞ ሳላውቀው ብዙ ጊዜ የገዛ ጫማዬን።

የጉዞው ምክንያት ባለቤቴ ዘነበች ናት። መርካቶ ተወልዳ፣ መርካቶ አድጋ፣ መርካቶ ወልዳ፣ በስተርጅና አራተኛ ፎቅ ላይ ወጣች። ጉልበቷ ታመመ፤ ሕንፃችን ደግሞ አሳንሰር የለውም። ከፋሲካ ወዲህ ደረጃውን አልወረደችም።

አንድ ጠዋት ሻዬን ሳልጨርስ ትእዛዝ መጣ።

«ነጂማ በስልክ ‹ደህና ነኝ› ትለኛለች። ድምጿ ግን ቀጥኗል። ሄደህ ፊቷን አንስተህ አምጣልኝ። መንገዱንም፣ ገበያውንም አንሳ። እግሬ ባይሄድ ዓይኔ ይሂድ።»

ነጂማ አንዋር መስጊድ ጀርባ ቅመም ትሸጣለች። ሁለቱም ሳያገቡ ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ፋሲካም ይሁን ዒድ አንዷ የሌላዋን ቤት ሳትረግጥ በዓሉ በዓል አይሆንም ነበር።

«በቪዲዮ ብትደውይላትስ?» አልኩ፣ ከመንገዱ ለማምለጥ።

«የእሷ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። አንተም ብትሆን ከባለ ቁልፍ አትሻልም።»

ስልኩን በጫማ ማሰሪያ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችልኝ። «መርካቶ ነው» አለች። «አንተን ቢሰርቁህ ይመልሱሃል፤ ስልኩን ግን አይመልሱትም።»

እስከ አውቶቡስ ተራ

እስከ ሳሪስ በከተማ አውቶቡስ ሄድኩ። አንዲት ልጅ «አባባ ይቀመጡ» ብላ ስትነሳልኝ ሽማግሌ መባሌ ከፋኝ። ከፍቶኝም ቶሎ ተቀመጥኩ። በመስኮት እያየሁ መንገዱን ለዘነበች አነሳሁ፤ ባቡሩን ከነሐዲዱ፣ ጅምር ሕንፃዎቹን፣ አስፋልት ዳር ተከምሮ የሚሸጠውን ሐብሐብ። ከሳሪስ በሚኒባስ መርካቶ ገባሁ።

አውቶቡስ ተራ ላይ ቆም ብሎ ፎቶ ማንሳት አይቻልም። የቆመ ሰው ተጓዥ ነው። ስልኩን ከፍ ሳደርግ አንድ ደላላ ክንዴን ያዘኝ።

«ሆሳዕና ኖት አይደል? አንድ ሰው ነው የቀረን፣ ፋዘር!»

«ፎቶ ላነሳ ነው የቆምኩት።»

«ሆሳዕና ደርሰው ያነሳሉ፤ እዚያ አየሩም ጥሩ ነው!»

ክንዴን አስለቅቄ ዞር ስል ሁለት ፍራሽ የተሸከመ ሰው «ከኋላ! ከኋላ!» እያለ መጣና ከነፍራሹ ግድግዳ ላይ ለጠፈኝ። ለስላሳ ነበር። አልተቀየምኩም።

ምን አለሽ ተራ

እዚህ መዶሻው ከሩቅ ይቀበላችኋል። የዘይት ቆርቆሮ ተቀዶ፣ ተመትቶ፣ ታጥፎ የከሰል ምድጃ ይሆናል። ዘነበች የመጀመሪያ ምድጃችንን የገዛችው ከዚህ ነው፤ ስለዚህ ጠጋ ብዬ አንገቴ ላይ ያለውን ስልክ ወደ ምድጃዎቹ አዞርኩ። መዶሻው ቀጥ አለ። ሦስት ሰዎች ዕቃቸውን በሸራ ሸፈኑ።

«ፋዘር፣ ከየት ነው? ከወረዳ ነው?» አለ አንዱ ጎልማሳ። ስሙ ሽኩር እንደሆነ በኋላ ነገረኝ።

«ሚስቴ ናት የላከችኝ።»

«እሷማ ከወረዳ ትብሳለች!» አለና ሳቀ፤ ሸራው ተነሳ። ያነሳሁትን ለማየት ስልኩን ተቀበለኝ። አየው፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ እንደገና ስልኩን አየ።

«ፋዘር፣ ካሜራው እኮ የዞረው ወደ እርስዎ ነው።»

እውነቱን ነው። ከኮዬ ፈጬ እስከ ምን አለሽ ተራ ያነሳሁት የራሴን አፍንጫ ነበር። ባቡሩ አፍንጫዬ፣ ሐብሐቡ አፍንጫዬ፣ ደላላው የአፍንጫዬ ቀዳዳ ከነፀጉሩ። ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ እየተቀባበለ አየኝ። ሽኩር ካሜራውን ወደ ውጭ አዞረልኝና ከምድጃው ጋር ቆሞ ተነሳ። «ለእትዬ ሰላም በሉልኝ። ይሄ ምድጃ እንደ ድሮው አይደለም፣ ይሻላል በሏት።»

አንዋር መስጊድ ጀርባ

በምስር ሳምቡሳና በሻይ ድካሜን አስታግሼ ወደ ቅመሞቹ ገባሁ። ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ጥቁር አዝሙዱ ገና ከጥግ ያስነጥሳል። ነጂማ በርጩማዋ ላይ ነበረች። ድሮ በርጩማው ከሥሯ አይታይም ነበር፤ አሁን በግራም በቀኝም ቦታ ተርፏል።

«ጋሽ ተፈራ!» ብላ ተነሳች፤ ወዲያው ከኋላዬ አየች። «ዘኑስ?»

«ጉልበቷ መች ለቀቃት። ፊትሽን አምጣልኝ ብላ እኔን ላከች» ብዬ ስልኩን አነሳሁ።

በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። «አይሆንም! እባክዎ ጋሼ፣ ያውርዱት።»

አወረድኩት። ጎረቤቷ ራቅ እስኪል ጠብቃ፣ ሆዷን ኦፕራሲዮን ሆና እንደነበር ቀስ ብላ ነገረችኝ። አሁን ተሽሏታል፤ ሐኪሙም ሥራ ፈቅዶላታል።

«ታዲያ ለዘነበች ለምን አልነገርሻትም?»

«ብነግራት ቤቷ የምትቀመጥ መሰለዎት? ያንን ሁሉ ደረጃ በዚያ ጉልበት ትወርዳለች። ብትወድቅስ? አይንገሯት። ይማሉልኝ።»

«በማን ልማል?»

«በሚያምኑት።»

በሚካኤል ማልኩ። ማልኩና ተጨነቅሁ። ፊቷን ሳልይዝ ብመለስ ዘነበች ሌሊቱን ሙሉ ክፉ ክፉውን ስታስብ ልታድር ነው። ጊዜ ለመግዛት ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ግዢ ውስጥ ገባሁ። ነጂማ መዝና፣ እንደ ልማዷ ምራቂውን ልትጨምር በእጇ ዘገነች። እፍኟን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። «ይሄ የዘኑ ነው።»

ያን ጊዜ መላ መጣልኝ። «እጅሽንስ ላንሳው?»

ሳቀች። «ያንሱት! እጅ ምን አፍ አለው?»

አነሳሁት። የዕለቱ ጥሩ ፎቶ እሱ ብቻ ነው።

ተመልሼ አራተኛ ፎቅ

ዘነበች መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አፍንጫዎቼን ስታይ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሽኩርን «ምድጃውስ አምሯል» አለችው፣ የሚሰማት ይመስል። ከዚያ እጁ ጋ ደረሰች።

ሳቋ ቆመ። በሁለት ጣቷ ፎቶውን ለጠጥ አደረገችው።

«ይሄን አምባር ታየዋለህ? ከሠርጓ ጀምሮ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። በሳሙናም በቅቤም ሞክረን እንቢ ብሎናል። አሁን ክርኗ ድረስ ወርዷል።»

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ክንድ ስለካ የኖርኩት ሰውዬ ይህን አላየሁም ነበር።

«ታማለች፤ አይደል?»

«እኔ ምንም አልነገርኩሽም።»

«አስማለችሃ!»

ጣሪያውን አየሁ። እሷ ደግሞ እንደገና ፎቶውን አየች፤ ብዙ ቆየች።

«እፍኟ ግን ሙሉ ነው» አለች በመጨረሻ። «አንድ ፍሬ እንኳ አልተንጠባጠበባትም።» መነጽሯን አወለቀች። «ጫማዬን የት ነው ያደረግኸው?»

በማግስቱ ወረድን። ደረጃውን በመቀመጫዋ እንደ ሕፃን የወረደችበትም ቦታ አለ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤት ወንበር አወጣላት፣ ሁለተኛው ላይ ውሃ ሰጧት። እኔ ከፊቷ እየሄድኩ ብትወድቅ የምይዛት መስዬ ነበር፤ ብትወድቅማ ሁለታችንንም አንድ ላይ ያነሱን ነበር። ነጂማ እንደምትጣላኝ አውቃለሁ። ጥፋቱ የስልኩ ነው እላታለሁ።

የመጨረሻውን ደረጃ ስትረግጥ አነሳኋት። ከዚህ ጉዞ ካሜራውን ወደ ሰው ማዞር ተምሬያለሁ። አውራ ጣቴ ግን ገና አልተማረም፤ የፎቶውን ግማሽ ሸፍኖታል። በቀረው ግማሽ ዘነበች አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ በሌላው ታክሲ ትጠራለች።