ወንዱ ያልተገኘው ጢንዚዛ

ሰዒዳ ከሚሴ ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ናት። ከሁሉም አብልጣ የምትወደው የበሰበሰ ቅጠል ነው። ሰው ይስቅባታል፤ ግን አንድ እፍኝ እርጥብ ቅጠል ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግቶ በትዕግስት ያየ ሰው አይስቅም። መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ አፈር የመሰለው ነገር መራመድ ይጀምራል!

አሠራሯ ቀላል ነው። ቅጠሉን በወንፊት ትነፋና የወረደውን ቂጡ ተቆርጦ በተዘቀዘቀ ጀሪካን ውስጥ፣ ሽቦ ላይ ታደርገዋለች። ከላይ አምፖል ይበራል፤ ከጀሪካኑ አፍ ስር አልኮል ያለበት ብልቃጥ ይቀመጣል። ነፍሳቱ ሙቀቱንና ድርቀቱን ሲሸሹ ቁልቁል ወርደው ብልቃጡ ውስጥ ይገባሉ።

ጢንዚዛዋም የተገኘችው በዚህ መንገድ ነው። ከጨፋ ሮቢት በላይ ባለ ኮረብታ ላይ አንድ ያረጀ የመቃብር ቦታ አለ። ለሙታን ክብር ሲባል ማንም ስለማይቆርጠው ወይራውና ሾላው እንደ ጥንቱ ቆሟል፤ ከዚያ ውጭ ያለው እስከ ሸለቆው ድረስ ማሽላ ነው። ጢንዚዛዋ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም፤ ቀለሟ ቴምር ይመስላል። የጀርባዋን ሽፋን በመርፌ ገለጥ ሲያደርጉት ከስሩ ክንፍ የለም። ክንፍ የሌላት፣ እርጥበት ካጣች የምትሞት ፍጥረት ደግሞ ማሽላውን አቋርጣ ሌላ ጫካ አትደርስም። ስለዚህ ይህ ዝርያ ያለው ምናልባት እዚያች መቃብር ላይ ብቻ ነው።

ሰዒዳ ያገኘቻቸውን ጢንዚዛዎች አዲስ አበባ ላለ የጢንዚዛ ባለሙያ፣ ለዶክተር ከማል ላከች። እሱም ደወለላት።

«አዲስ ዝርያ ይመስለኛል። ግን የላክሽልኝ ሁሉ ሴት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ እነዚህ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች በውጭ መልካቸው መንትያ ናቸው። አንዱን ዝርያ ከሌላው በእርግጠኝነት የሚለየው የወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ነው። ወንድ ካልተገኘ ስም አይወጣም።

«ሰዒዳ ወንድ ፍለጋ መቃብር ወረደች አሉ!» አለች ጀነት፣ የሒሳብ መምህርቷ፣ በመምህራን ማረፊያ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ከሚሴ ሙሉ ወንድ እያለ!»

«የከሚሴ ወንድ ስድስት እግር የለውማ» አለች ሰዒዳ።

ዶክተር ከማል ቅጠሉ ገና እርጥብ እያለ፣ መስከረም ላይ መጥቶ አብሯት ሊፈልግ ተስማሙ። ሰዒዳ መቃብሩን ወደሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ወደ ሼህ ሙሀመድኑር ሄደች።

«ሼህ፣ ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል። ቦታውን አደራ።»

«አብሽሪ፣ ኢንተለ ቲያ!» አሏት፣ ልጄ ሲሉ በኦሮምኛ። «እኛ እያለን!»

ቅጠሉን አትንኩ የሚለው ቃል አፏ ላይ መጥቶ ነበር። ግን የሙታን ማረፊያ ሳይጸዳ ይቆይ ብሎ ሽማግሌን መጠየቅ ነውር መሰላት። ዋጠችው።

መስከረም ላይ ከእንግዳው ጋር ኮረብታውን ሲወጡ ከሩቅ ጭስ ታየ። ከዛፎቹ ስር መሬቱ ቀይና መላጣ ሆኗል። ከአጥሩ አጠገብ የአመድ ክምር ያጨሳል። መጥረጊያ የያዙ ሴቶችና ጎልማሶች ተሰልፈው ቆመዋል።

«ለእንግዳችን ክብር መንደሩ በሙሉ በደቦ ወጣ» አሉ ሼህ፣ ፊታቸው እያበራ። «አንድ ቅጠል ብታገኙ እኔን በሉኝ!»

ዶክተር ከማል ቁጢጥ ብሎ መሬቱን በጣቱ ጫረ።

«ማሻአላህ» አለች ሰዒዳ። «ደከማችሁ።»

ከዛፎቹ ሥሮች መሃል፣ ከድንጋይ ስንጥቅ፣ ከመቃብሮቹ ጥግ ያገኙትን ሁሉ ለቅመው ነፉ። አምፖሉ ስር ጉንዳንና አንዲት ሸረሪት ወረዱ።

«ሴት ጢንዚዛዎቹን አስቀምጣቸዋለሁ» አለ ዶክተር ከማል ሲሰናበታት። «በቁጥር። ያለ ስም።»

ሰዒዳ በየክረምቱ ወደ መቃብሩ ትመለሳለች። የወደቀ ቅጠል ሁሉ ለጢንዚዛዋ ቤት አይሆንም። የላዩ ደረቅ ነው፤ የታቹ አፈር ሆኗል፤ እሷ የምትኖረው በመሃሉ፣ ነጭ የሻጋታ ክር በሚያያይዘው ንብርብር ነው። እሱ ለመደራረብ ዓመታት ይፈጃል። ቢደራረብስ ከየት መጥታ ትገባበታለች?

ባለፈው ነሐሴ ሼህ ሙሀመድኑር ቅጠል ስትነፋ ምርኩዛቸውን ይዘው አጠገቧ ቆሙ።

«ያቺ ፍጥረት ስም ወጣላት?»

«ገና ነው ሼህ።»

«አታስቢ። ቅጠል እንደሆነ በየዓመቱ ይረግፋል።»

ቀና ብላ አየቻቸው። ሊያጽናኗት ፈልገዋል።

«አዎ ሼህ፣ ይረግፋል» አለችና ወንፊቱ ላይ የቀረውን ቅጠል መልሳ መሬቱ ላይ ደፋችው።