የእንጉዳይ ወጥ በፍልሰታ

እንጅባራ አጠገብ ባገባሁ በመጀመሪያው ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ከቀርቀሃው ሥር የለቀምኩትን እንጉዳይ በኑግ ዘይት ወጥ ሠራሁት። የነፍስ አባታችን ሁለት ጊዜ አስጨመሩ፤ እኔም ሙሽራ ነኝና ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን የባለቤቴ ወንድም አፉን እስኪከፍት ነበር። ዳንግላ አስተማሪ ነው፤ እየበላም ያስተምራል።

«እንጉዳይ እንደ ሥጋ የሚታኘከው ያለ ነገር አይደለም» አለ። «ከስኳር የሠራውን ፍሬ እንደ ዶቃ እየሰካ ክር ያደርገዋል፤ ክሩን አጠላልፎ የገላውን ግድግዳ ያቆማል። አንበጣም ቅርፊቱን የሚሠራው በዚሁ ክር ነው።»

አማቴ እጃቸውን ከገበታው አነሱ። «ስኳር ከሆነ የጾም ነው፤ አንበጣ ከሆነ የፍስክ ነው። የቱ ነው?»

«ሁለቱም ነው፣ እናቴ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቤቱን ሙሉ ጾም ያስገደፈች ምራት ተብዬ ገበያ ለገበያ ሲወራብኝ ታየኝ። ጥጥ ስፈትል ነው ያደግሁትና ክሩስ ገብቶኛል፤ አንበጣው ምን ሊሠራ ድስቴ ውስጥ እንደገባ ነው ያልገባኝ።

«አባ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አሉ አማቴ።

አባ የጎረሱትን ቀስ ብለው ዋጡ። «ሳያውቅ የበላ አልገደፈም» አሉና ወደ አስተማሪው ዞሩ። «አንተ ግን እያወቅህ ነው የበላኸው። አርባ ስገድ።»

እሱ ጓሮ ወጥቶ ሲሰግድ እኛ የቀረውን ጨረስን። አሁን እኛም ማወቃችንን ያነሳ ሰው አልነበረም።

በዓመቱ ፍልሰታ አባ ደጃፋችን ላይ ቆመው ወጡን አሸተቱና «አስተማሪው መጥቷል?» አሉኝ። አለመምጣቱን ስነግራቸው ገብተው ተቀመጡ።